የከተማ ውሃ ንጹሕ ሆኖ ቧንቧችን ድረስ የሚደርሰው እንዴት ነው?

ምንጭ_ዳር (ክሩን የከፈተ)
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ከባለሙያ መስማት ፈልጌ ነው። የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎችን «ውሃው ንጹሕ ነው ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ «ተመርምሯል»። እኔ የከነከነኝ ምርመራው ራሱ ምን ያህል ይጠብቀናል የሚለው ነው። ውሃ ሌት ተቀን ይፈሳል፤ ናሙና የሚወሰደው ግን አልፎ አልፎ ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ ማን ነው የሚጠብቀን? ሙያው ላይ ያላችሁ ከወንዙ ጀምራችሁ እስከ ቧንቧው ድረስ ብታስረዱን ደስ ይለኛል። ረዥም ቢሆንም አነባለሁ።

ኬሚስቷ
ያነሳኸው ትልቅ ነገር ነው። የውሃ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ በግልጽ ልንገርህ፤ የላብራቶሪ ምርመራ ብቻውን ማንንም አይጠብቅም።

ውሃ በሰው ወይም በእንስሳ ዓይነ ምድር መበከሉን የምናውቀው ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ፈልገን ነው። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ወስደን ቀዳዳው በዓይን በማይታይ ስስ ማጣሪያ እናሳልፋለን። ባክቴሪያ ካለ ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ከዚያ የሚያሳድገው ንጥረ ነገር ላይ አድርገን ወደ 44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ እናሳድረዋለን። በማግስቱ ስንከፍተው፣ ብቻዋን የነበረችው ባክቴሪያ ተራብታ በዓይን የምትታይ ነጥብ ሆና እናገኛታለን። ነጥቦቹን እንቆጥራለን። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም ይላል።

እንግዲህ ልብ በል። ውጤቱ የሚታወቀው በማግስቱ ነው። ናሙናው የተቀዳበት ውሃ እስከዚያ ተጠጥቶ አልቋል። እኔ የምሰጥህ ወረቀት ትናንት ደህና እንደነበርክ ነው የሚነግርህ። ዛሬ የሚጠብቅህ በየሰዓቱ፣ ቢቻል ያለ ማቋረጥ የሚለካ ነገር ነው፦ ድፍርስነት፣ ቀሪ ክሎሪን (ጀርሙን ገድሎ ውሃው ውስጥ የተረፈው) እና የመስመር ግፊት። እነዚህን በደንብ የሚነግሩህ ጣቢያና መስመር ላይ ያሉት ናቸው። ካላችሁ ተናገሩ።

የማታ_ተረኛ
አለሁ። ማጣሪያ ጣቢያ በፈረቃ ነው የምሠራው።

ጥበቃው ከጣቢያው በፊት ይጀምራል። በወንዙ ወይም በግድቡ ዙሪያ ያለው መሬት ካልተጠበቀ፣ ጣቢያው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ሲታገል ነው የሚውለው። ኒው ዮርክ ከተማ ለዚህ ነው አብዛኛውን ውሃዋን በምታገኝባቸው የካትስኪልና የዴላዌር ተፋሰሶች መሬትና እርሻ ጥበቃ ላይ ገንዘብ የምታፈሰው። በ1997 እ.ኤ.አ. ከአካባቢው ማኅበረሰቦች ጋር ስምምነት ተፈራርማለች። የነዚያ ተፋሰሶች ውሃ በአሸዋ ማጣሪያ ሳያልፍ፣ ጀርሙ በክሎሪንና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ተገድሎ ነው የሚጠጣው። ብዙ ከተማ ይህ ዕድል የለውም። ያለው ግን እንዳያባክነው እለምናለሁ።

አሁን ወደ እኛ ሥራ። ዝናብ ሲጥል ወንዙ ቡናማ ሆኖ ይመጣል። ያን ጊዜ ስድስት ብርጭቆ እንደረድርና ያንኑ ጥሬ ውሃ እንሞላለን። በእያንዳንዱ የተለያየ መጠን ያለው አሉሚኒየም ሰልፌት፣ እኛ አልም የምንለውን፣ እንጨምራለን። በየብርጭቆው ውስጥ ያሉት መቅዘፊያዎች መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ በዝግታ ይዞራሉ። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ውስጥ እንደ ጥጥ ብናኝ ያለ ነገር መታየት ይጀምራል። ጭቃው እርስ በርሱ እየተያያዘ ነው ማለት ነው። መቅዘፊያው ሲቆም ይዘቅጣል። አንዱ ብርጭቆ ጥርት ይላል፤ አጠገቡ ያለው እንደደፈረሰ ይቀራል። ጥርት ያለው ውስጥ የገባው መጠን ነው ለዋናው ገንዳ የሚሰጠው። ወንዙ ተለውጦ ሳለ በትናንቱ መጠን የሚቀጥል ተረኛ ካለ፣ የዚያን ቀን ከተማው በሙሉ አደጋ ላይ ነው።

ከማዝቀጫው በኋላ ውሃው በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል። እዚያ የሚለካው ድፍርስነት ነው፤ መለኪያው ኤን.ቲ.ዩ ይባላል። ክሎሪን ከመግባቱ በፊት ከ1 ኤን.ቲ.ዩ በታች እንዲሆን ይመከራል። ይህ ውሃው ለዓይን እንዲያምር አይደለም። ጀርም ጭቃ ውስጥ ከተሸሸገ ክሎሪኑ አያገኘውም። ጭራሽ ክሎሪን የሚቋቋሙም አሉ። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚልዋውኪ ከተማ ውስጥ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ በማጣሪያው አልፎ ከ400,000 በላይ ሰው እንደታመመ ተገምቷል። ክሎሪኑ ነበር። የሰነፈው ማጣሪያው ነው። የውሃው ድፍርስነት መጨመሩም መለኪያው ላይ ታይቶ ነበር። ይህን ታሪክ አዲስ ለሚገባ ተረኛ ሁሉ እነግራለሁ። መለኪያ እያየ ዝም የሚል ሰው መለኪያ ከሌለው አይሻልም።

ክሎሪን ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። አስገብተህ ወዲያው ብትለቀው ሥራውን ሳይጨርስ ሰው ቤት ደረሰ ማለት ነው። ቢያንስ 30 ደቂቃ ከውሃው ጋር መቆየት አለበት፤ ከዚያም በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ተርፎ መገኘት አለበት። የውሃው ፒ.ኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ8 በታች ካልሆነ ደግሞ ክሎሪኑ አቅም ያጣል። ጣቢያ ላይ ክሎሪን የሚለቀው ፓምፕ ቢቆም የሚጮህ ማንቂያ፣ ተጠባባቂ ፓምፕ እና ጀነሬተር መኖር አለበት። መብራት ሲጠፋ ጀርም አብሮ አይጠፋም።

ዝም_አልልም
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ግን ልጠይቅ። ክሎሪን ከካንሰር ጋር ይያያዛል ሲባል እሰማለሁ። ሽታውም ያስጠላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ያለ ክሎሪን ነው የሚጠጡት። እነሱ ከቻሉ ሌላው ለምን አይችልም?

ኬሚስቷ
ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰው ክሎሪንን መፍራቱም አዲስ ነገር አይደለም። በ1908 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ጀርሲ ሲቲ ውስጥ ለከተማው ውሃ በቋሚነት ክሎሪን መጨመር ሲጀመር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር። ውሳኔው ለክሎሪኑ ሆነ፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ።

የሰማኸው ነገር መሠረት አለው። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ካለ የበሰበሰ ቅጠልና መሰል ነገር ጋር ሲገናኝ ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ውሕዶች ይፈጠራሉ። እነሱን እንለካለን፤ ገደብም አላቸው። መፍትሔው ክሎሪኑን መቀነስ ሳይሆን ቅጠሉንና ቆሻሻውን ክሎሪን ከመግባቱ በፊት ማስወገድ ነው። የማታ ተረኛው የነገረህ አልምና አሸዋ ይህንንም ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት አቋም ግልጽ ነው፦ እነዚህን ውሕዶች እንቀንስ ተብሎ ጀርም መግደሉ መላላት የለበትም። ኮሌራና ታይፎይድ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ነው የሚገድሉት። ለክሎሪኑ ለራሱ የተቀመጠው ገደብ ደግሞ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ነው። ቧንቧ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለ ኔዘርላንድስ ያልከው እውነት ነው። ግን እነሱ ክሎሪኑን የተዉት ሌላውን ሁሉ ካሟሉ በኋላ ነው። አብዛኛውን ውሃቸውን ከከርሰ ምድር ያወጣሉ። የወንዙንም ቢሆን በአሸዋ ክምር ውስጥ አሳልፈው፣ ደጋግመው አጣርተው ነው። ቧንቧቸው የሚያፈሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ግፊቱም አይቋረጥም። ውሃ በፈረቃ የሚለቀቅበት ከተማ ክሎሪን አልፈልግም ቢል በሕይወት መጫወት ነው። ሽታው የሚያስቸግርህ ከሆነ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ቀድተህ ለጥቂት ሰዓት አቆየው፤ ይቀንስልሃል።

ሳራሲኔስካ
ስለ ጣቢያው በደንብ ተወራ። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከጣቢያው በር ውጭ ነው። መስመር ላይ ነው የምሠራው፤ ስለማየው ነገር ልናገር።

ቧንቧ ሲፈነዳ የምንቆፍረው ጉድጓድ ወዲያው በውሃ ይሞላል። ያ ውሃ ከቧንቧው የወጣው ብቻ አይደለም። አፈሩ ውስጥ የነበረው፣ ከጎን ካለ የፍሳሽ ቱቦ የተንጠባጠበው፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ቧንቧው ውስጥ ግፊት እስካለ ድረስ ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው። ይባክናል እንጂ አይበከልም። ሳራሲኔስካውን (የመስመሩን መዝጊያ) ስትዘጋው ነገሩ ይገለበጣል። ውሃው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ሲወርድ ባዶ የቀረው ቧንቧ ይስባል፤ ሲያፈስበት በነበረው ቀዳዳ የጉድጓዱን ጭቃ ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባል። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ያንን የያዘ ውሃ ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ቡድን ለዚህ ነው ሲደርስ ሙሉ በሙሉ የማይዘጋው። ሳራሲኔስካውን ቀንሶ ትንሽ ግፊት ይተዋል። ጉድጓዱን በፓምፕ እያወጣ ውሃውን ከቧንቧው በታች ያወርዳል። ቧንቧው ዙሪያውን ሲታይ ያን ጊዜ ይዘጋል። የሚገባውን መገጣጠሚያ በክሎሪን ውሃ ያጥባል። አዲስ መስመር ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ በሊትር 25 ሚሊ ግራም ክሎሪን ባለው ውሃ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ታጥቦ፣ ናሙናው ተመርምሮ ነው የሚለቀቀው። ለአንድ ቀን መቸኮል ስንት ሰው እንደሚያሳምም ያየ አይቸኩልም።

የፍሳሽ መስመር እና የውሃ መስመር በአንድ ቦይ እንዳይቀበሩ አጥብቃችሁ ተከራከሩ። ብዙ የሥራ መመሪያ በመሃላቸው 3 ሜትር ያህል ርቀት ይጠይቃል። የሚሻገሩበት ቦታ ላይ የውሃው ከላይ፣ የፍሳሹ ከታች መሆን አለበት። ግንባታ ላይ ቁፋሮ ለመቆጠብ ሲባል ይህ ሲጣስ ማየት ያናድደኛል። ከተቀበረ በኋላ ማንም አያየውም፤ የሚጠጣው ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ይከፍላል።

ሁለት ነገር ደግሞ በእያንዳንዱ ግቢ ውስጥ አለ። አንደኛው ጎማ ነው። ቧንቧ ላይ የተሰካ ጎማ ጫፉ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ተነክሮ ይተዋል። መስመሩ ሲስብ የሳፋውን ውሃ ይዞ ይመለሳል። ጎማው ከሳፋው አፍ ከፍ ብሎ ይንጠልጠል፤ በቃ። ሁለተኛው ፓምፕ ነው። ውሃ ሲደክም ፓምፕ ቀጥታ ከመንገድ መስመር ጋር አገናኝቶ የሚስብ አለ። የሚስበው ውሃ ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ ቧንቧ ላይ ባለው ቀዳዳ ሁሉ ከአፈሩ ውስጥ ይስባል። ራሱም ጎረቤቱም ይጠጡታል። ፓምፕ ካስፈለገ መስመሩ መጀመሪያ ታንከር ይሙላ፣ ፓምፑ ከታንከሩ ይሳብ።

ሁለት_ልጆች
ሳራሲኔስካ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጎማውን ነገር ዛሬውኑ አስተካክላለሁ። እኔ ለልጆቹ ሁልጊዜ አፍልቼ ነው የማጠጣቸው። ይበቃል? ታንከራችንስ?

ኬሚስቷ
እህቴ፣ ማፍላት ጀርምን በደንብ ይገድላል። ውሃው ከላይ እስከ ታች እየተንተከተከ ሲገለባበጥ በቂ ነው። ከዚያ በፈላበት ዕቃ ክዳኑን ገጥመሽ አቀዝቅዢው። ወደ ሌላ ዕቃ ስትገለብጪና በኩባያ ስትጨልፊ ነው ብዙ ጊዜ እንደገና የሚበከለው።

ማፍላት የማይነካቸው ነገሮች ግን አሉ። ፍሎራይድ፣ አርሴኒክ፣ ናይትሬት፣ እርሳስ። ውሃው ሲተን እነሱ ይቀራሉ፤ እንዲያውም ይጠነክራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር ለፍሎራይድ 1.5 ሚሊ ግራም፣ ለአርሴኒክ 0.01 ሚሊ ግራም፣ ለናይትሬት 50 ሚሊ ግራም ነው። ናይትሬት ሲበዛ በጡጦ ለሚያድጉ ጨቅላዎች አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ይህ በየቤቱ የሚፈታ አይደለም። ጉድጓዱ ሲቆፈር፣ ገና ከከተማው መስመር ጋር ሳይገናኝ፣ መመርመር አለበት።

እርሳስ ደግሞ ከምንጩ ሳይሆን ከቧንቧው ነው የሚመጣው። የአሜሪካዋ ፍሊንት ሚሺጋን በ2014 እ.ኤ.አ. የውሃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ስትለውጥ ቧንቧው እንዳይበላ የሚያደርገው ኬሚካል ሳይጨመር ቀረ። ውሃው አሮጌውን ቧንቧ በላው፤ እርሳሱ ልጆች ደም ውስጥ ገባ። ምንጭ መለወጥ ቀላል ውሳኔ የሚመስላቸው ኃላፊዎች ይህን ማወቅ አለባቸው።

ሳራሲኔስካ
ታንከሩን በተመለከተ፦ ክዳኑ መግጠሙን፣ የአየር መተንፈሻውና የትርፍ ውሃ መውጫው በወንፊት መሸፈኑን እይ። ወፍና ነፍሳት የሚገቡት በነሱ ነው። ከታች የዝቃጭ መልቀቂያ ቧንቧ ከሌለው አስገጥሚለት። ከዓመት በላይ ሳይታጠብ አይቆይ፤ ደለል ካየሽበት ከዚያም ቶሎ። ታንከር ውስጥ ብዙ ቀን የቆየ ውሃ ክሎሪኑ ያልቃል፤ ስለዚህ ከሚያስፈልግሽ እጅግ የበለጠ ታንከር ጥቅም የለውም።

ታሪክ_ወዳድ
ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለ ውሃና ስለ ወረርሽኝ ታሪክ ማንበብ ስለምወድ ነው የገባሁት። ኬሚስቷ በመጀመሪያ ያለችውን የሚያጠናክር ነገር ላካፍላችሁ።

በ1892 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ሃምቡርግ ከተማ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰው ገደለ። ሃምቡርግ የኤልበን ወንዝ ውሃ ሳታጣራ ነበር የምታድለው። አጠገቧ ያለችው አልቶና ከዚያው ወንዝ፣ ያውም ከሃምቡርግ ፍሳሽ በታች ነበር የምትቀዳው። ግን በአሸዋ አጣርታ። አልቶና ውስጥ የሞተው ሰው እጅግ ያነሰ ነበር። ጀርመናዊው የጀርም ተመራማሪ ሮበርት ኮክ እንደጻፈው በሁለቱ ከተሞች ድንበር ላይ በሽታው የውሃ መስመሩን ተከትሎ ቆመ። በሃምቡርግ በኩል ሆነው ውሃቸውን ከአልቶና የሚያገኙ ቤቶች ነበሩ፤ እነሱ ዳኑ። አየሩ አንድ፣ መንገዱ አንድ። የተለየው ውሃው ብቻ ነው።

ሁለተኛው የዎከርተን ነው፤ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ.። ወደ 5,000 ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ። ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ከእርሻ ላይ ያለው የከብት እበት ጥልቀት ወደሌለው አንድ ጉድጓድ ገባ። 7 ሰው ሞተ፤ ወደ 2,300 ሰው ታመመ። በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ክሎሪኑ በየቀኑ ሳይለካ ቁጥር ተፈጥሮ መዝገብ ላይ ይጻፍ እንደነበር ታወቀ። ላብራቶሪው ብክለቱን አግኝቶ ለውሃ ሠራተኞቹ ሲነግራቸውም ከጤና ባለሥልጣኑ ተደበቀ። ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ጉድጓዱ ላይ ቢኖር ኖሮ ብዙ ሰው ይድን ነበር። እንባ ያመጣብኛል ይህ ነገር። በየቀኑ መለካትና እውነቱን መጻፍ ነው የጎደለው።

ምንጭ_ዳር
ይህን ሁሉ ስላጋራችሁ እጅግ አመሰግናለሁ። ስለ ዎከርተን ካነበብኩ በኋላ ተረብሼ ነው ያለሁት። ታዲያ እኛ ነዋሪዎች ምንድን ነው የምንጠይቀው? «ተመርምሯል» ሲሉን ምን እንበላቸው?

የማታ_ተረኛ
«የመጨረሻው ቤት ላይ ቀሪ ክሎሪኑ ስንት ነው?» በሏቸው። ይህን ከሁሉ አስቀድሙ። ጣቢያው በር ላይ ጥሩ መሆኑ አይበቃም። ክሎሪን በመንገድ ላይ እየተበላ ይሄዳል፤ ከጣቢያው በጣም የራቀው ቧንቧ ላይ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም መገኘት አለበት። በድንገት ከጠፋ የሆነ ቦታ ቆሻሻ እየበላው ነው ማለት ነው፤ ላብራቶሪው ነገ የሚያየውን ክሎሪኑ ዛሬ ይናገራል።

ልኬቱ ደግሞ ቀላል ነው። ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ትቀዳለህ። ዲ.ፒ.ዲ የሚባል ክኒን ወይም ዱቄት ትጨምራለህ። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። በበዛ ቁጥር ሮዙ ይደምቃል። ከቀለም ማነጻጸሪያው ጋር ታስተያየዋለህ። ቀለም ሳይይዝ ከቀረ ስልክ አንሳና ደውል። የሰፈር ሰዎች ተባብረው አንድ መሣሪያ ቢይዙ፣ ውጤቱን ከቀንና ከሰዓት ጋር ቢጽፉ፣ የትኛውም መሥሪያ ቤት ዝም ብሎ ሊያልፋቸው አይችልም።

በተጨማሪ ከዝናብ በኋላ ድፍርስነቱ ስንት እንደነበር፣ ባለፈው ወር ግፊት ስንቴ እንደተቋረጠ፣ የተበከለ ናሙና ሲገኝ ሕዝቡ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚነገረው ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከተሞች የሚመክረው የውሃ ደኅንነት ዕቅድ የሚባል አለ፤ ከምንጩ እስከ ቧንቧው አደጋው የት የት እንዳለ ቀድሞ ለይቶ እዚያው ላይ መቆጣጠር ነው። ከተማችሁ አለው ወይ? በየጊዜውስ ይታያል ወይ? ደግሞ ተረኞቹን አትርሷቸው። ሌሊት ብቻውን ስድስት ብርጭቆ የሚደረድር ሰው ሥልጠናና የሚተካው ሰው ካላገኘ አንድ ቀን ይደክመዋል።

ዝም_አልልም
ስለ ክሎሪኑ አሳምናችሁኛል። አንድ የቀረችኝ፦ ጥገና ካለቀ በኋላ ውሃው ቡናማ ሆኖ ሲመጣ ምን እናድርግ? ሁልጊዜ ግራ ይገባኛል።

ሳራሲኔስካ
መጀመሪያ ለቆጣሪው ቅርብ የሆነውን፣ ቢቻል ውጭ ያለውን ዝቅተኛ ቧንቧ ክፈት። ታንከር ካለህ ወደሱ የሚገባውን ዝጋ፤ ቡናማው ውሃ እዚያ ከገባ ለብዙ ቀን አብሮህ ይኖራል። የውሃ ማሞቂያውንም እንዲሁ። ውጭ ያለው ጥርት እስኪል ይፍሰስ፤ የሚፈሰውን በባልዲ ያዝና ለግቢ ማጽጃ አድርገው። ሲጠራ የክሎሪን ሽታ አለው ወይ ብለህ አሽትት፤ ብልቃጡ ካለህ ለካው። ክሎሪን ካላገኘህ እስኪስተካከል አፍልተህ ጠጣ፤ ለጥገና ቡድኑም ንገር። ከጠራ በኋላ ቤት ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ክፈት። ጫፋቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም ፈትተህ እጠባት፤ አሸዋው እዚያ ነው የሚጠራቀመው።